አያስታውሰውም

አባትየው ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ። ማንም አውልቅ አላለውም። ጋቢውን በአንድ ትከሻው ሰብስቦ፣ ኮንጎ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ቆመ።

ልጁ የመጣው በተወለደ በአራተኛው ቀን ነው። ፊንጢጣው አልተከፈተም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ የደም ሥሮቹ በቆዳው ላይ ይታያሉ፤ ያስመለሰው አረንጓዴ ነገር የታቀፈበት ነጠላ ላይ ደርቋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በአምቡላንስ። እናቱ ገና አራስ ናት፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች። ለአባትየው ነገሩን አስረዳሁት፦ ዛሬ የአንጀቱን ጫፍ ወደ ሆዱ አውጥተን መውጫ እናበጅለታለን፤ ከወራት በኋላ ፊንጢጣውን በቦታው እንሠራለታለን፤ እሱ ሲድን የሆዱን እንዘጋለን። ሦስት ቀዶ ሕክምና። በጥሞና ሰማኝ፤ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ በጣም ያመው ይሆን?»

«ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ስንሠራለት አይሰማውም» አልኩት።

«ሲነቃስ?»

ለዚህ ጥያቄ በእኛ ቤት የተዘጋጀ መልስ አለ። ኢንተርኑም፣ ነርሷም፣ ፕሮፌሰሩም ይሉታል፤ አያቶችም ልጅ ሲከተብ ይሉታል። «አይዞህ፣ አያስታውሰውም።» እኔም ለብዙ ዓመታት ብዬዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ልቆጥረው አልችልም። ያን ቀን ግን ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ያመዋል፤ እኛም ማስታገሻ እንሰጠዋለን፣ እየተመላለስን እናየዋለን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን በመናገሬ የተጽናና መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ የተጽናናሁት።

የማይታወስ ስቃይ ስቃይ ነው ወይ? ጥያቄው በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ የፈላስፎች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን በየቀኑ የምሠራቸው ሰዎች እኔን፣ ቢላዋዬን፣ ያን ሌሊት ከቶ የማያስታውሱ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ ጨዋታ አይደለም። መልሱ «አይደለም» ከሆነ አንድ ዓይነት ሐኪም እሆናለሁ፤ «ነው» ከሆነ ሌላ ዓይነት።

መልሱን በመጀመሪያ የተማርኩት በተሳሳተው በኩል ነው። ኢንተርን ነበርኩ፤ ሆስፒታሉን አልጠራውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የዘጠኝ ቀን ልጅ ደረቱ ላይ መግል ቋጥሮ መጣ። መቅደድና ማጠብ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ማደንዘዣ ሰጪው ሌላ ክፍል ውስጥ ተይዟል። ዲዩቲ ላይ የነበረው የበላዬ በሩ ላይ ሆኖ «ቶሎ ጨርሺው፣ አያስታውሰውም» አለኝና ሄደ። አንዲት ነርስ እግሩን ያዘች፤ አያቱ እጆቹን። ሠራሁት። ልጁ መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ አፉ ተከፍቶ ድምፅ የማይወጣበት ጩኸት አለ፣ እሱን አሳየን፤ ከዚያ በድንገት እንቅልፍ ወሰደው። «እፎይ አለ» ብዬ ደስ አለኝ። ቁስሉን ሸፍኜ እጄን ታጠብኩና ሻይ ጠጣሁ።

ያ እንቅልፍ እፎይታ እንዳልነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። አቅሙ ያለቀ ሕፃን እንዲህ ይተኛል። አያቱ ግን ያን ጊዜውኑ ያወቀችው ይመስለኛል፤ እጆቹን ለቅቃ ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቻታለሁና።

በኋላ ሙያውን ስማር፣ ያ የበላዬ ብቻውን የተሳሳተ ሰው እንዳልነበረ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ እጅግ ባደጉት አገሮች ትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ይቀደዱ ነበር። እንዳይንቀሳቀሱ ጡንቻ የሚያሰልል መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ጭካኔ አልነበረም። ማደንዘዣው ራሱ ይገድላቸዋል ብለው ይፈሩ ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ነገር ግን ፍርሃቱን የሚያስታግስ አንድ እምነት አብሮት ነበር፦ የሕፃን ነርቭ ገና አልበሰለም፣ ብዙም አይሰማው፣ ቢሰማውም አያስታውሰው። ሰውነቱ እንዳይንቀሳቀስ የታሰረ ሕፃን ደግሞ አይጮኽም። ማልቀስ ያልቻለ ሁሉ ያልታመመ መሰለ።

ካንዋልጂት አናንድ የሚባል ሕንዳዊ ወጣት ሐኪም ኦክስፎርድ ውስጥ ሲሠራ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመለሱት ሕፃናት ገርጥተውና ደቅቀው ሲመጡ አየ። ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ያለጊዜያቸው የተወለዱና ልባቸው አጠገብ ያለ ቧንቧ የሚቋጠርላቸውን ሕፃናት ሁለት ቦታ ከፈላቸው። ለአንዱ ወገን ከተለመደው ላይ ፈንታኒል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ተጨመረለት፤ ለሌላው የተለመደው ብቻ። ደማቸውን መረመረ። ማስታገሻ ያላገኙት በጭንቀት ሆርሞን ተጥለቅልቀዋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም የባሰ ችግር የገጠማቸው እነሱው ናቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ላንሴት ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃንን ያለማደንዘዣ መቅደድ ከእንግዲህ ተገቢ አይደለም አለ።

1987! እኔ ያን ጊዜ ተወልጄ እሮጥ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ቶሮንቶ ላይ አና ታዲዮና ባልደረቦቿ 87 ሕፃናትን ከአራት እስከ ስድስት ወር ሲሞላቸው በክትባት ጊዜ አዩአቸው። ሲወለዱ ያለማደንዘዣ የተገረዙት ወንዶች ካልተገረዙት ይልቅ በመርፌው አብዝተው አለቀሱ፤ ፊታቸው አብዝቶ ተጨማደደ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛ ቀኑ ይገረዛል፤ ሥርዓቱን ልነቅፍ አይደለም፣ የራሴ ልጅም ተገርዟል። ግን ልጄን ለማስገረዝ ስወስደው ማደንዘዣ ክሬሙን በቦርሳዬ ይዤ ነበር የሄድኩት። «አያስታውሰውም» የሚለው ቃል ስለ አእምሮ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ሰውነት እውነት አይደለም። ሥጋ የራሱ መዝገብ አለው።

ቢሆንም ክርክሩን በሰውነት ትዝታ ላይ ብቻ ማቆም አልፈልግም። ነገ ሌላ ጥናት መጥቶ «አንዳችም ምልክት አይቀርም» ቢልስ? ያኔ ልጆቹን ያለ ማስታገሻ መቅደድ ይፈቀድልኛል? ልቤ አይቀበለውም፤ ምክንያቱን ደግሞ ያስተማረችኝ አያቴ ናት።

አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው የኖረችው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነገር መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿን ስም፣ ከዚያ ምሳ መብላቷን። አንድ ቀን እግሯ ላይ የነበረ ቁስል ሲታጠብላት ጮኸች፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምንም እንደተደረገባት አታውቅም፤ ቡና እንዲፈላ አዘዘች። ያን ጊዜ ከእኛ መሐል አንድ ሰው «ምን ችግር አለ፣ አታስታውሰውም፤ በደንብ ፈትጓት» ቢል ኖሮ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተነስቶ ከቤት ያስወጣው ነበር። ትዝታዋ መጥፋቱ አምስቱን ደቂቃ አልሻረውም። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ አያቴ ነበረች፤ የታመመችውም እሷ ናት።

እንዲያውም ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ተቃራኒው ይመስለኛል። ትልቅ ሰው ሲታመም ትናንት ደህና እንደነበር ያውቃል፤ ሲነጋ ሐኪም እንደሚመጣ ያውቃል፤ «ይቺን ብቻ ልቻላት» ይላል። ትዝታና ተስፋ ማስታገሻ ናቸው። የአራት ቀን ልጅ ሁለቱም የሉትም። ትናንት የለውም፣ ነገ የለውም። ሕመሙ ዳር የለውም፤ ዓለሙ በሙሉ እሱ ነው። ስለዚህ የማያስታውስ ልጅ ሕመም ከእኛ ሕመም ያንሳል ያለው ሰው ሒሳቡን ገልብጦታል።

መምህሬ ይህን በቃላት ነግሮኝ አያውቅም። ሕክምና 7 ዓመት፣ ገጠር ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ 3 ዓመት፣ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና 4 ዓመት ተምሬ፣ ለሕፃናት ቀዶ ሕክምና 2 ዓመት ሊያስተምረኝ ሲረከበኝ እጄ ደንዳና ነበር። የትልቅ ሰው ሆድ የለመደ እጅ ጨቅላ ላይ ጥፋት ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሦስት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ከቁም ነገር የማንቆጥረው መፍሰስ እሱን ይገድለዋል። ስለዚህ የጠረግንበትን ጎዝ በሚዛን እንመዝናለን። ክፍሉን አሙቀን በላብ እየተጠመቅን እንሠራለን፤ ለእኛ የሚመቸው ቅዝቃዜ ለእሱ ሞት ነው። እግርና እጁን በጥጥ እንጠቀልላለን። ክሩ ከፀጉር አይወፍርም፤ በማጉያ መነጽር ነው የምናየው። አንጀቱ እርጥብ ወረቀት ነው፤ ቆንጥጠህ ከያዝከው ይቀደዳል፣ ካልያዝከው ያመልጣል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስተማረኝ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። መምህሬ ሕፃን ከመንካቱ በፊት መዳፎቹን አፋትጎ ያሞቃቸው ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ፣ ልነካህ ነው» ይለዋል። ለሁሉም፤ ራሱን ለሳተውም፣ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ለገባውም። ሴት ከሆነች «እመቤቴ» ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለአስታማሚዎቹ ሲል የሚያደርገው መስሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት አስታማሚም ነርስም በሌለበት፣ እኔ መጋረጃው ጀርባ መሆኔን ሳያውቅ፣ ሲለው ሰማሁት። የመናገሩ ፍሬ ነገር ልጁ መስማቱ አልነበረም። የሚሠራው በሰው ላይ እንደሆነ ለራሱ እጆች መንገሩ ነው።

እኔም ይህን ልማድ ወሰድኩ። «ጌታዬ» ማለት ግን አልሆነልኝም፤ እኔ «አባቴ» እና «እናቴ» ነው የምላቸው።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ ልምጣ፤ ነገሩ የከበደኝ እዚህ ነው።

ጨቅላ ሲገባ መዝገቡ ላይ «ቤቢ ኦፍ» ተብሎ የእናቱ ስም ይጻፋል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ የክርስትና ስም ያኔ ነው የሚገኘው። ሙስሊሙም በብዛት ስሙ የሚወጣው በሰባተኛው ቀን፣ በዓቂቃው ነው። የእኛ ሕሙማን ደግሞ በሁለት፣ በአራት፣ በአምስት ቀናቸው ነው የሚመጡት። ስም ከመድረሱ በፊት ቢላዋው ይደርሳል።

ከእኔ ጋር ለረጅም ጊዜ የሠራች ስክራብ ነርስ አለች፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እጇን ታጥባ ጓንት ካጠለቀች በኋላ፣ መሣሪያዎቹን ቆጥራ ስትጨርስ፣ ዓይኗን ጨፍና ስለ ልጁ ትጸልያለች። ጸሎት ደግሞ በክርስትና ስም ነው። ያን የአራት ቀን ልጅ ጠረጴዛው ላይ አስተኝተን ሆዱን ስንቀባ «ስሙ ማነው?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «እንግዲያው ይህን ልጅ እላለሁ» አለችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ካህናት ሕመም ሲጠና ቀኑ ሳይደርስም መጠመቅ እንደሚቻል ይነግሩናል፤ በጨቅላዎች ክፍል ውስጥ በአንዲት ሳህን ውኃ ሲጠመቁ ያየኋቸው አሉ። ብዙዎቹ ግን ለዚያም ጊዜ አይኖራቸውም።

ሳይጠመቁ፣ ሳይሰየሙ የሚሞቱትስ? ተዝካር የላቸውም። ሰባት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት አይቆጠርላቸውም። ብዙ ጊዜ አባትየው ብቻውን በካርቶን ታቅፎ ይወስዳቸዋል። ልጆቹ ራሳቸውን አያስታውሱም፤ ዓለምም አያስታውሳቸውም። «አያስታውሰውም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሲደርስ ሌላ ፊት ያወጣል። መጀመሪያ ልጁ ሕመሙን አያስታውስም አልን፤ ቀጥሎ ልጁን የሚያስታውስ ጠፋ።

የእኛ የሙያ ታሪክም በእነዚህ ላይ ነው የቆመው። የምግብ ቧንቧው መሐል ላይ ተቆርጦ የተወለደ ልጅ አለ፤ አፉ አረፋ ይሞላል፣ የጠባው ወተት ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ በአፍንጫው የሰደድነው ቱቦ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። ቶማስ ጊብሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በትክክል ጽፎ የተወው እ.ኤ.አ. በ1697 ነው። የተቆረጠውን ቧንቧ በአንድ ጊዜ ገጥሞ ልጅ ያተረፈው ካሜሮን ሃይት ደግሞ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ፣ በ1941። ልጅቷ የ12 ቀን ልጅ ነበረች። በመካከሉ 244 ዓመት አለ። የእሷን ታሪክ ሁላችንም እናስተምራለን። በእነዚያ 244 ዓመታት አረፋ ደፍቀው የሄዱትን ማን ያስተምራቸዋል? የሃይት እጅ እነሱን ሁሉ አልፎ ነው ወደ እሷ የደረሰው።

አማኝ ነኝ፤ «እግዚአብሔር ያስታውሳቸዋል» እላለሁ፣ ብዬም አምናለሁ። ግን ይህን እምነት እንደ መጋረጃ ስንጠቀምበት አይቻለሁ፤ ያ ያስቆጣኛል። ልጅ ሲሞት «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ተብሎ መጽሐፉ ይዘጋል። ወላጅ ሲለው አፌን እይዛለሁ፤ የሐዘንተኛ ቃል ነውና። ሐኪም ሲለው ግን አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ74 አገሮች፣ በ264 ሆስፒታሎች ውስጥ የሆድ ዕቃ ጉድለት ይዘው የተወለዱ 3849 ሕፃናትን ተከታትሏል። ከሀብታም አገር ሕፃናት የሞቱት 5.6 በመቶ ናቸው። ከድሃ አገር 39.8 በመቶ። አንጀቱ ከሆዱ ውጭ ሆኖ የሚወለደውን ልጅ ብቻ ብንወስድ በሀብታሙ አገር ከመቶ አንድ ወይ ሁለት ይሞታል፤ በድሃው ከመቶ ዘጠና። ያው ልጅ፣ ያው አንጀት ነው። እግዚአብሔር በአገር ገቢ ልክ የሚለዋወጥ ፈቃድ አለው ብሎ ማመን እኔ ስድብ ይመስለኛል። በመካከሉ ያለው ንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ሙቀት ነው፤ መንገድ ላይ ያለፈ ሁለት ቀን ነው። እነዚህን በፈቃዱ ላይ መጫን የሞተውን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው፤ ምክንያቱን አብረን እንቀብረዋለንና።

እናቶች ምስል ይዘው ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የቅዱስ ገብርኤልን። በፕላስተር አልጋው ራስጌ ላይ፣ ወይም ኢንኩቤተሩ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። ከሥሩ እሳት የሚነድበት ጋን አለ፤ ውስጡ ኢየሉጣና የሦስት ዓመት ልጇ ቂርቆስ። በታሪኩ የፈራችው እናትየው ናት፤ ልጁ ነው ያጸናት። እናቶቹ ለምን ይህን ምስል እንደሚወዱት ይገባኛል። የእነሱ ልጅ ግን እንደ ቂርቆስ አይናገርም። አፍ ያልፈታ ልጅ እናቱን አያጸናም።

ስለዚህ እኔ ይበልጥ የምጠጋው ወደ ሌሎቹ ሕፃናት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 3 ቀን ሄሮድስ ቤተልሔም ላይ ያስፈጃቸውን ሕፃናት ታስባለች፤ ቁጥራቸው 144,000 ነው ትላለች። የአንዱም ስም አይታወቅም። አንዱም ሃይማኖቱን አልመሰከረም፤ ስለምን እንደሚሞት አላወቀም። በእኔ ሙያ ሰው ዓይን ብናየው «አላስታወሱትም» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕታት አለቻቸው። ሰማዕት በግዕዙ ምስክር ነው። ምን መሰከሩ? ምንም አላሉም። የደረሰባቸው መድረሱ ብቻ ምስክርነት ሆኖ ተቆጠረ። ይህን የሥርዓት መምህራን እንዴት እንደሚተረጉሙት ለእነሱ ልተው፤ እኔ ግን ከዚያ የወሰድኩት አለ፦ ሕመም እውነት ለመሆን ታማሚው እንዲያስታውሰው፣ እንዲናገረው፣ ስም እንዲኖረው አያስፈልግም። ሌላ ሰው ቆሞ መቁጠር አለበት።

አያቴ ትቆጥር ነበር። በእሷ ዘመን ሴት «ስንት ወለድሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የቆሙትን ብቻ አትናገርም። «ስምንት ወልጄ አምስት አሳደግሁ» ነበር የምትለው። ከሦስቱ ሁለቱን እናውቃቸዋለን፤ ስም አላቸው፣ በኩፍኝ ነው የሄዱት። ሦስተኛው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ጠየቅኋት። «በስድስተኛ ቀኑ የሄደው ነው፤ ጡት እንቢ ብሎ፣ ሆዱ ተነፍቶ» አለችኝ። ሆዱ ተነፍቶ። ሐኪሟ የልጅ ልጇ ምን እንደሰማሁ አታውቅም። ስም አልነበረውም፣ ተዝካር አልበላም፤ በቁጥሯ ውስጥ ግን ነበረ። በመጨረሻ ማንነታችን ሁሉ ሲጠፋባት፣ እኔን «አንቺ ልጅ የማን ነሽ?» ስትለኝ፣ ስምንቱ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ የራሴ ደብተር አለኝ። የሆስፒታሉ መዝገብ አይደለም፤ ተራ ባለ መስመር ደብተር። የሠራኋቸውን ጨቅላዎች ሁሉ እጽፍበታለሁ። ቀን፣ ክብደት፣ የመጣበት ወረዳ፣ ምን እንደተሠራለት፣ ማስታገሻ አግኝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ምን ያህል እንዳለቀሰ። የሞቱትንም። ሳይሠራላቸው በር ላይ የሞቱትንም። የእኔ ስህተት ካለበት እሱንም እጽፋለሁ፤ ሦስት ቦታ ላይ አለ። መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከደብተሩ ብዙ ዓመት በፊት የሆነውን፣ ያን የዘጠኝ ቀን ልጅ ጻፍኩት። የእናቱን ስም አላስታውስም። እኔም ረስቻለሁ ማለት ነው።

በጎውንም ልናገር፤ አለበለዚያ ይህ ሥራ ሐዘን ብቻ ይመስላል። የዳኑት ይመጣሉ። ለሦስተኛው ቀዶ ሕክምና፣ ለክትትል፣ አንዳንዴም እናትየው በመንገዷ ስታልፍ ልታሳየኝ ብቻ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ቦርሳ ተሸክሞ ይገባል፤ አያውቀኝም። «ሳሚያት፣ እሷ ናት ያዳነችህ» ይባላል። በእናቱ ቀሚስ ጀርባ ይደበቃል። ሆዱ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ ይነግሩታል፤ ሲወለድ የነበረ ነው የሚመስለው። ይህን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። እርሳኝ! ሌሊቱን፣ ቱቦውን፣ በጨርቅ የታሸገ ሆድህን፣ ሁሉንም ርሳ። ለእሱ መርሳቱ ጸጋ ነው፤ ልጅነቱን ከእኔ ቢላዋ አጠገብ ሳይሆን ከኳሱ ጋር እንዲጀምር የተሰጠው ነው። እኔ የማልቀበለው የእሱን መርሳት የእኔ ፈቃድ ማድረጉን ነው። ባይረሳኝ ኖሮ የማላደርገውን፣ ይረሳኛል ብዬ ላደርግ አይገባኝም።

የአራት ቀኑ ልጅ ዳነ። በማግሥቱ አንጀቱ ሠራ፤ የሚሸተው ነገር ከሆዱ ሲወጣ እናቱ እልል አለች፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከረጢት ስለሌለ በንጹሕ ጨርቅ እንዴት እንደሚጠቀለል ነርሶቹ አሳዩአት፤ በሦስት ቀን ከእኔ በላይ አወቀችበት። በዘጠኝ ቀኑ ወደ አገራቸው ሄዱ። አባትየው ሲወጣ ጫማውን በሩ ላይ ነው ያጠለቀው።

ከወር በላይ ቆይቶ ስልክ ደወለልኝ። ጀርባው ላይ ከበሮ ይሰማል፤ መብል እየተበላ ነው። «ዶክተር፣ ክርስትና ተነሳ። ሲስተር ስሙን ጠይቃ ነበር፤ እንዲደርሳት ብዬ ነው» አለኝና ስሙን ነገረኝ። ነርሷ ያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበረች። ስሙን በፕላስተር ቁራጭ ጽፌ ቁም ሣጥኗ ላይ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ አንብባው ቆማለች። «ዘግይቷል እንጂ ዛሬም እጸልይለታለሁ» አለች። ከዚያ ጓንቷን እየሳበች ጠረጴዛውን አየች። ሌሊት የገባች፣ የሁለት ቀን ልጅ፣ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም።

«የእሷስ ስም?»

«ገና ነው» አልኳት።